የሚንሸራተተውና የማይንሸራተተው

ጤነኛ ሆድ ውስጥ አንጀት በማህፀን ጀርባ ላይ ይንሸራተታል። ሁለቱን የሚያለብሰው ስስ ሽፋን እርጥብና ልሙጥ ስለሆነ ሴትየዋ ስትራመድ፣ ስትስል፣ ስትስቅ አንዱ በሌላው ላይ ሄድ መለስ ይላል፤ እሷም አንዳች አይታወቃትም። ኢንዶሜትሪዮሲስን የሚፈልግ ጥሩ የአልትራሳውንድ ባለሙያ ዓይኑን የሚተክለው እዚህ መንሸራተት ላይ ነው። በብልት በኩል ያስገባውን ቀጭን ፕሮብ ከማህፀን በር ጋር አገናኝቶ በቀስታ ገፋ ያደርጋል፤ መልሶ ይለቃል። ስክሪኑ ላይ የማህፀን በር ወደኋላ ፈቀቅ ሲል ከጀርባው ያለው የአንጀት ግድግዳ ነጠላ ከሐር ቀሚስ ላይ እንደሚሸሽ ሸርተት ብሎ ያልፋል። ቀጥሎ ባለሙያው ሌላኛውን እጁን ከእምብርት በታች ሆዷ ላይ ያሳርፍና ማህፀኑን በእጁና በፕሮቡ መካከል ይዞ ቀስ እያለ ያወዛውዘዋል። አሁን የሚያየው የማህፀኑን የላይኛውን ጀርባ ነው። አንጀቱ እዚያም ተንሸራቶ ካለፈ መልካም። ሁለቱ ተያይዘው አብረው ከተጎተቱ ግን በመካከላቸው የነበረው ክፍተት በጠባሳ ተዘግቷል ማለት ነው።

ሥራው የጥቂት ሰከንዶች ነው። ፎቶ ግን አያሳየውም። ቆሞ በቀረ ምስል ላይ የተጣበቀ አንጀትና ያልተጣበቀ አንጀት መንትያ ሊመስሉ ይችላሉ። ልዩነቱ የሚታየው እጅ ሲገፋቸው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይህን ምርመራ ማሽኑ ያደርገዋል ማለት ይከብደኛል። ማሽኑ ያሳያል፤ የሚጠይቀው እጁ ነው።

ኢንዶሜትሪዮሲስ ማህፀንን ከውስጥ የሚያለብሰውን ሽፋን የመሰለ ህብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ሲገኝ የሚፈጠር ሕመም ነው። እንቁልጢ ላይ፣ ማህፀንን ከኋላ በያዙት ጅማቶች ላይ፣ በአንጀትና በሽንት ፊኛ ላይ ያድራል። ለወር አበባ ሆርሞኖች ስለሚታዘዝ በየወሩ ይቆጣል፣ ይደማል፣ ዙሪያውን ያስቆጣል፤ ሲቆይም ጠባሳ እየሠራ አካላትን እርስ በርስ ያጣብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉን፣ ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጉትን፣ እንደሚይዝ ይገምታል። በወር አበባ ጊዜ ከአልጋ የሚያውል ቁርጠት፣ በግንኙነት ጊዜ ጥልቅ ሕመም፣ ሲጸዳዱ ወይም ሲሸኑ መውጋት፣ ልጅ ለመውለድ መቸገር የተለመዱ ምልክቶቹ ናቸው። እኛ ዘንድ ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው መልስ ከእናት ለልጅ ሲወርድ የኖረ ነው፦ «ስታገቢ ይተውሻል»፤ ካገባች በኋላ ደግሞ «ስትወልጂ ይለቅሻል»። በሽታው ስሙ እስኪታወቅ ብዙ ዓመታት የሚፈጅባቸው ሴቶች በሀብታሞቹም አገሮች ሞልተዋል።

በሽታው ከየት ይመጣል ሲባል የአሜሪካዊው ሐኪም የጆን ሳምፕሰን ስም መነሳት አለበት። ኒው ዮርክ ግዛት ኦልባኒ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት እኚህ ሰው በ1921 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንቁልጢ ላይ ስለሚገኙት፣ የቆየ ደም ስለቋጠሩት «የቸኮሌት» ሲስቶች ጻፉ፤ በ1927 ደግሞ የወር አበባ ደም በማህፀን ቱቦዎች በኩል ወደ ሆድ ተመልሶ በመፍሰስ በሽታውን ይዘራል የሚለውን ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ዛሬም ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ደም ወደኋላ መፍሰሱ በአብዛኞቹ ሴቶች የሚታይ ሆኖ ሳለ በሽታው የሚይዘው ጥቂቶቹን በመሆኑ ብቻውን አይበቃም። ሐኪሞች ዛሬ በሽታውን በሦስት መልክ ያዩታል፦ በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ የተረጨ ስስ ቅርፊት፣ በእንቁልጢ ውስጥ የሚቋጠር ሲስት፣ እና ከሽፋኑ ሥር ከ5 ሚሊሜትር በላይ የሚሰርግ ጥልቅ እጢ። አልትራሳውንድ ሁለተኛውን በቀላሉ፣ ሦስተኛውን በጥበብ ያገኛል። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ ያመልጠዋል።

መሣሪያው የመጣው ከብረት ሥራ ነው። የግላስጎው የማህፀንና ጽንስ ፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድ በ1955 ከታካሚዎች የወጡ እጢዎችንና ሲስቶችን መኪና ላይ ጭነው ሬንፍሩ ወደሚገኘው የባብኮክና ዊልኮክስ የቦይለር ፋብሪካ ሄዱ። ፋብሪካው በብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ በድምፅ ሞገድ የሚፈልግበት መሣሪያ ነበረው፤ ለማነጻጸሪያ ይሆን ዘንድም አንድ ሙዳ የበሬ ሥጋ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ሲስቱ እንደ ሲስት፣ ደንዳናው እጢ እንደ ደንዳና የተለያየ ማሚቶ ሰጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ከሐኪሙ ጆን ማክቪካርና ከኢንጂነሩ ቶም ብራውን ጋር ሆነው ውጤታቸውን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። በዚያ ሥራ ውስጥ ካንሰር አለባት፣ ተስፋ የላትም የተባለች ሴት ሆድ በአልትራሳውንድ ሲታይ የተገኘው ትልቅ የእንቁልጢ ሲስት ነበር፤ ወጣላትና ዳነች።

ፕሮቡ ድምፁን ልኮ ማሚቶውን ያዳምጣል። ድምፅ በሰውነት ለስላሳ ሥጋ ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አራት ሴንቲሜትር ጠልቆ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ 50 ያህሉ ነው። ማሽኑ ከዚህ ቅጽበት ርቀትን እያሰላ ምስሉን ይሥላል። የሞገዱ ድግግሞሽ ከፍ ባለ ቁጥር ምስሉ ይጠራል፣ ግን ሩቅ አይዘልቅም፤ ዝቅ ሲል ሩቅ ይሄዳል፣ ምስሉ ግን ይደበዝዛል። በሆድ ላይ የሚደረገው ፕሮብ ስብና ጡንቻ አልፎ መሄድ ስላለበት ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል። በብልት በኩል የሚገባው ግን ከማህፀኑና ከአንጀቱ አጠገብ ስለሚደርስ ከ5 እስከ 9 ሊጠቀም ይችላል። የሁለቱ ልዩነት አንዲት ሚሊሜትር የወፈረ የአንጀት ግድግዳን በማየትና ባለማየት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ይህን በቅርበት የማየት ዕድል ወደ ሥርዓት የቀየረው አይዲያ በሚል ምህጻረ ስም የሚጠራው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን ነው። የሰርዲኒያው ስቴፋኖ ጉዌሪዬሮና የሲድኒው ጆርጅ ኮንዱስ ያሉበት ይህ ቡድን በ2016 ባወጣው ስምምነት ምርመራውን በአራት ክፍል አስቀመጠው፤ ቅደም ተከተሉን መቀያየር ይቻላል፣ አንዱን መዝለል ግን አይቻልም። ልዩ ማሽን አይጠይቅም። ፕሮብ ያለው ተራ አልትራሳውንድ ይበቃል። የሚጠይቀው ጊዜና የሠለጠነ እጅ ነው፤ በር ላይ ሃያ ሰው ተሰልፎ ሲጠብቅ ደግሞ ከሁለቱ የሚጠፋው ጊዜው ነው።

መጀመሪያ ማህፀንና እንቁልጢዎች ይታያሉ። ይህን ማንም ሠልጣኝ ያደርገዋል፤ ብልሃተኛው የሚለየው በሚያነበው ነገር ነው። ወደኋላ ታጥፎ ጀርባው ወደ አንጀት የተሳበ ማህፀን የጥያቄ ምልክት ቅርጽ ይይዛል፤ ይህ ቅርጽ ብቻውን ከኋላ የሚስበው ጠባሳ ሊኖር እንደሚችል ይናገራል። የቸኮሌቱ ሲስት በውስጡ ወጥ የሆነ፣ የተፋቀ መስታወት የመሰለ ግራጫ ደመና አለው። ይህን የሚመስል ሌላ አለ፤ እንቁላል ከወጣ በኋላ ደም የቋጠረ ሲስት። የኋለኛው በሳምንታት ውስጥ ስለሚሟሟ ጠንቃቃ ባለሙያ ጥርጣሬ ከገባው ሴትየዋን ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ይቀጥራታል። የደም ፍሰትን በሚያሳየው ዶፕለር ደግሞ ሲስቱ ውስጥ የበቀለ ነገር ካለ ደም ይሄድበት እንደሆነ ያያል፤ ደም የሚሄድበት ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሁለቱ እንቁልጢዎች ከቦታቸው ተስበው ከማህፀኑ ጀርባ ፊት ለፊት ተፋጥጠው ሲገኙ ሐኪሞች «የሚሳሳሙ እንቁልጢዎች» ይሏቸዋል። ፍቅር ያገናኛቸው የሚያስመስለው ይህ ስም ለእኔ ትንሽ ይከብደኛል፤ ያገናኛቸው ጠባሳ ነው።

ብዙ ምርመራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሲስቱ ተገኘ፣ ተለካ፣ ተጻፈ፣ አለቀ። የቸኮሌት ሲስት ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም፤ ከኋላው ጥልቅ እጢና የተጣበቀ አንጀት ሊኖር ይችላል። ሲስቱን ያገኘ ጥሩ ባለሙያ ፍለጋውን የሚጀምረው ሲስቱን ካየ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ሕመም ነው። የትኛውም ጥሩ መርማሪ ታካሚውን ላለማሳመም ይጥራል፤ እዚህ ግን ሕመሙ ራሱ የሚፈለግ ምልክት ነው። ባለሙያው ፕሮቡን አንድ ቦታ ላይ አሳርፎ በጣም ቀላል ጫና ያደርግና «እዚህ ጋ ያምሻል?» ይላታል። ወደ ግራ ያዛውራል፤ ደግሞ ይጠይቃል። «አዎ፣ እሱ ነው፤ በየወሩ የሚወጋኝ እሱ ነው» ስትለው እጁን ያቆማል፣ ጫናውን ይለቃል፣ ዓይኑ ግን ከዚያች ቦታ አይነቀልም። ለዓመታት «ምንም የለብሽም» የተባለች ሴት ስክሪኑ ላይ ካለ አንድ ነጥብ ጋር ሕመሟ ሲገናኝላት ምርመራው መልኩን ይቀይራል፤ አሁን የምትመራው እሷ ናት። በዚሁ ክፍል እንቁልጢዎቹም ይገፋሉ። ነጻ የሆነ እንቁልጢ ሲነኩት ይሸሻል። የተጣበቀው ባለበት ይቀራል።

ሦስተኛው ያን መጀመሪያ ያነሳሁትን መንሸራተት ማየት ነው፤ ከሁሉ የምወደውም እሱን ስለሆነ ቀድሜ ጻፍኩት።

አራተኛው ከሁሉ አድካሚው ነው፤ ጥልቅ እጢዎችን ቦታ በቦታ መፈለግ። ከፊት የሽንት ፊኛው አለ። ፊኛው ጥቂት ሽንት ቢይዝ ይመረጣል፤ ባዶ ከሆነ ግድግዳው ተጨማዶ እጢውን ይደብቀዋል፣ ጢም ካለ ደግሞ ሁሉን ገፍቶ ይወስዳል። ከኋላ ማህፀኑን ወደ ጀርባ አጥንት የሚይዙት ሁለት ጅማቶች አሉ፤ ጤነኛ ሲሆኑ እምብዛም አይታዩም፣ ሲታመሙ ወፍራምና ጠቆር ያሉ ሆነው ይወጣሉ። ቀጥሎ አንጀቱ። ባለሙያው ከፊንጢጣ ጀምሮ ወደ ላይ ግድግዳውን ንብርብር በንብርብር ይከተለዋል። ከውጭ ቀጭን ብሩህ መስመር አለ፤ ከሥሩ የጡንቻው ሁለት ጥቁር ንብርብሮች በአንዲት ፀጉር መሰል ብሩህ መስመር ተለያይተው ይታያሉ፤ ከዚያ ሌላ ብሩህ ንብርብር፣ ከዚያ ውስጠኛው ሽፋን። ኢንዶሜትሪዮሲስ አንጀትን ሲይዝ የሚገባው ከውጭ ነው። ጥቁሩ ጡንቻ በአንድ ቦታ ይወፍራል፣ ያቺ ፀጉር መሰል መስመርም እዚያ ላይ ትጠፋለች። ዓይን የለመደ ሰው የሚፈልገው የዚህችን መስመር መጥፋት ነው። እጢው ሲገኝ በሦስት አቅጣጫ ይለካል፤ ከፊንጢጣው ምን ያህል እንደሚርቅም ይመዘገባል። የአንጀት ጋዝና ዓይነ ምድር ደግሞ ባለሙያውን ይፈትኑታል፤ ድምፁ ጋዝ ላይ ሲደርስ ተመልሶ ከኋላው ያለውን ሁሉ ያጨልመዋል። አንዳንድ ቦታ፣ በተለይ ብራዚል ውስጥ፣ ከምርመራው በፊት አንጀትን በመድኃኒት የማጽዳት ልማድ ያለው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ፕሮቡ ወጥቶ ሌላው በጎን ላይ ይደረጋል፤ ኩላሊቶች ይታያሉ። ብዙዎች ይህችን እርምጃ ትርፍ ሥራ ያደርጓታል። ጥልቅ እጢ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደውን ቱቦ ከውጭ ሊያንቅ ይችላል፤ ሽንቱ ወደኋላ ተጠራቅሞ ኩላሊቱን ሲያሳብጥ ሴትየዋ ምንም ላይሰማት ይችላል። አንድ ኩላሊት ያለ አንዲት የሕመም ድምፅ እንዳይጠፋ የሚጠብቀው ይህ የአንድ ደቂቃ እይታ ነው፤ የባለሙያውን ትጋት መለካት ካለብኝ ደክሞት ሳለ ኩላሊቱን ማየት አለማየቱን እጠይቃለሁ።

ይህ ሁሉ ጥበብ ድንበር አለው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ማጠቃለያ በ2016 እንዳቀረበው በብልት በኩል የሚደረገው አልትራሳውንድ የእንቁልጢ ሲስት ካላቸው 100 ሴቶች 93ቱን ያገኛል፤ ሲስቱ ከሌላቸው 100 ሴቶች ደግሞ 96ቱን በትክክል የለባቸውም ይላል። ለጥልቅ እጢ ቁጥሩ 79 እና 94 ነው። ስስ ቅርፊቱ በሆድ ሽፋን ላይ ብቻ ያለባት ሴት ግን ከምርጥ ባለሙያ እጅም ንጹሕ ምስል ይዛ ልትወጣ ትችላለች። የአውሮፓ የሰው መራባትና የጽንስ ጥናት ማኅበር በ2022 ባወጣው መመሪያ በሆድ ቀዳዳ በካሜራ የሚደረገውን ላፓሮስኮፒ ብቸኛው የምርመራ ወርቅ መለኪያ አድርጎ ማየቱን ትቷል፤ በዚያው መመሪያ ምስሉ ንጹሕ መሆኑ በሽታው የለም ማለት እንዳልሆነ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ጥሩ የውጤት ወረቀት የተገኘውን ብቻ አይጽፍም፤ የታዩትን ቦታዎች በሙሉ፣ ያልታዩትንም ከነምክንያታቸው ይዘረዝራል። «አንጀቱ በጋዝ ምክንያት በደንብ አልታየም» የምትል መስመር ሐቀኛ እጅ እንደጻፋት ታስታውቃለች።

እኛ ዘንድ አልትራሳውንድ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው እርግዝና ነው፤ ትዕዛዙም «ውሃ ጠጪና ሽንትሽን ያዢ» ነው። የሞላ ፊኛ አንጀትን ገፍቶ ለድምፁ መንገድ ስለሚከፍት ለጽንስና ለትልቅ ሲስት ይሠራል። ከማህፀን ጀርባ የተደበቀ የሁለት ሴንቲሜትር እጢን በሆድ በኩል ለማየት ግን ድምፁ የሆድ ግድግዳን፣ ፊኛን፣ ማህፀንን ማለፍ አለበት። እንዲህ ታይታ «ኖርማል ነው» የተባለች ሴት ለሌላ ጥያቄ መልስ የተሰጣት ናት።

በብልት የሚደረገው ምርመራ ደግሞ የራሱ ክብደት አለው። ልጃገረድ ለሆነች ሴት አይደረግም። እሷ ራሷ ከፈቀደች ያው ፕሮብ በፊንጢጣ በኩል ገብቶ ከኋላ ያለውን ክፍል በደንብ ሊያሳይ ይችላል፤ ካልፈቀደች ኤምአርአይ አለ፣ በሆድ በኩል የሚታየውም ይታያል። ላገባችውም ቢሆን የሥራው ጥራት የሚጀምረው ልብሷን ከማውለቋ በፊት ነው። ምን እንደሚደረግ ይነገራታል። ከወገቧ በታች ትሸፈናለች። ከፈለገች ፕሮቡን ራሷ ታስገባለች። «አቁም» ካለችም ይቆማል። ይህ ለጨዋነት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ በፍርሃት የተወጠረ ሰውነት ጡንቻው ስለሚጨመደድ መንሸራተቱም፣ የሕመሙ ነጥብም በትክክል አይነበብም።

ውጤቱ ከሁሉ የሚጠቅመው ለቀዶ ሐኪሙ ነው። አንጀቱ እንደተያዘ ቀድሞ ያወቀ የማህፀን ሐኪም የአንጀት ቀዶ ሐኪም አብሮት እንዲቆም ያስደርጋል፤ ያላወቀ ሆድ ከፍቶ ያየዋል፣ የማይችለው ሆኖ ሲያገኘው መልሶ ዘግቶ ለሌላ ቀን ይቀጥራታል። የእጢው መጠንና ጥልቀት ደግሞ ከአንጀቱ ላይ መላጥ ይበቃ እንደሆነ፣ ወይስ የአንጀቱን ቁራጭ ማውጣት ያስፈልግ እንደሆነ ለመወሰን ይረዳል። በዚህ ሥራ ስም ያተረፉት ባለሙያዎች ምስላቸውን ከቀዶ ሕክምናው ግኝት ጋር እያነጻጸሩ ነው የተማሩት። ጠዋት «ክፍተቱ ተዘግቷል፣ አንጀቱ ላይ እጢ አለ» ብለው ጽፈው ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተው ይቆማሉ፤ ያልተጻፈ እጢ ከተገኘ ወደ ማሽኑ ተመልሰው የተቀዳውን ቪዲዮ ያጫውታሉ፣ የት ላይ እንዳለፋቸው እስኪያዩም አይነሱም።